ሊጥ የሆነው ነፋስ

ነፋሱ ካሜራውን ከነማቆሚያው ወደ ገደሉ ሲገፋው፣ ፊልም አንሺው ምናለ ዘሎ በደረቱ ያዘው። ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ሲጓዝ ይኼ ሁለተኛ ቀኑ ነው። መሥሪያ ቤቱ «የማይታዩ ኃይሎች» የሚል የሳይንስ ፊልም እንዲሠራ ልኮታል። የተማረ ሰው ነፋስን በምን ያሳያል? በዱቄት። በቅሎዋ ከጫነችው ጆንያ እየዘገነ በተነው፤ ነፋሱም ነጭ ዘንዶ ሆኖ ተጠማዘዘ፣ ሽቅብ ወጣ፣ የተረፈውንም መልሶ ካፖርቱ ላይ ነሰነሰበት።

«ታየኮ ጋሽ ውበቱ። አዩት?»

«አየሁት ጌታው፤» አለ በቅሎ ነጂው። «የስንት ሰው ቁርስ እንደሆነም አየሁ።»

ምናለ ሳቀ። ዘመኑ ስድሳ አምስት ነው፤ ሬዲዮው እንደሚለው ወሎ ውስጥ ረሃብ አይታይም።

ቁልቁለቱ ላይ በረዶ ወረደባቸው። በቅሎዋ ስትንሸራተት ውበቱ ጅራቷን፣ ምናለ ጭነቱን ጨምድደው ይዘው አተረፏት። ዝናቡ ካፖርቱ ላይ ያለውን ዱቄት ሊጥ አደረገው። ከወንዙ ማዶ ጅቦች ተከተሏቸው።

«ምነው ጅብ በቀን?»

«ጠግበው ደፍረዋል፤» አለ ውበቱ ድንጋይ እየወረወረ።

ምን በልተው እንደጠገቡ ምናለ አልጠየቀም።

ጠባቡ ማለፊያ ላይ ሰባት ሰዎች በትር አጋድመው ጠበቋቸው። ከፊት የቆመችውን ሀጀራን ውበቱ ከከላላ ገበያ ያውቃታል፤ እንዲህ ከስታ ግን አያውቃትም። ምናለ ካሜራውን አቀፈ።

«እሱን አንተው ያዘው፤» አለችው ሀጀራ። «ካፖርትህን አውልቅ።»

አወለቀ። ሀጀራ ሊጡን ከእጅጌው በጥፍሯ እየፋቀች፣ ድንጋይ ተደግፋ ለተቀመጠችው እናቷ አጎረሰቻት።

«ወፍጮ ቤት ነው ሥራህ፣ ወንድሜ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነሰነሰብህ?»

«ነፋስ ነው።» ውሸት አልነበረም፤ ይበልጥ ያሳፈረውም ይኸው ነው።

የቀረውን ግማሽ ጆንያ መካነ ሰላም ላይ ለሹማምንቱ ነፋስ ሊያሳይበት ነበር ያስቀመጠው። የውበቱን ዓይን ሳያይ ከበቅሎዋ አወረደው።

«አላህ ይስጥህ፤» አለች ሀጀራ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ካፖርቱንም ሳይጠይቅ ሄደ።

መካነ ሰላም ያለ ካፖርት ደረሰ። ሹሙ በረንዳው ላይ ወንበር አሰልፎ ጠበቀው።

«እስቲ ያን ነፋስ አሳየን።»

«ዱቄቱ አልቋል።» ምናለ ካሜራውን ተክሎ፣ በመንገዱ እየተንጠባጠቡ ወደሚመጡት የከሱ ሰዎች አዞረው።

«እዚያ ጋ ምንም የለም እኮ፤» አለ ሹሙ።

ምናለ ማንሳት ጀመረ።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሲታጠብ ነፋሱ እጅግ አምሮ ወጣ። ምናለ ግን ሰዎቹ ጋ ሲደርስ እያቆመው፣ እስከ ዛሬ አይቶ አልጨረሰውም።