የሟች ግዝትና ያልደወልኩት ስልክ

ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ወሬ ሲነሳ «ማን አየ? የት ተጽፏል? ምስክሩስ ማነው?» እያልኩ ጨዋታ የማበላሸው እኔ ነኝ፣ ጓደኞቼም በዚህ አመሌ ተማርረው እኔ ባለሁበት እንዲህ ያለ ነገር ማንሳት ከተዉ ቆይተዋል። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ «ሰናይትም ለየላት» እንዳትሉኝ፣ ገና ድሮ ለራሴ ብዬዋለሁና።

ሥራዬ የሕግ ታሪክ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት የቤተ ክርስቲያንን ሕግና ኮመን ሎው የሚሉትን የእንግሊዞቹን የልማድ ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጬ አንዲት ጥያቄ ሳኝክ ኖርኩ፤ የሞተ ሰው ቃል በሕይወት ያሉትን እስከ መቼ ያስራል? ጴንጤ ሆኜ የኦርቶዶክስን ቀኖና ማጥናቴ እዚህ ሆላንድ፣ አምስተልቨን ያለችውን ትንሿን ጉባኤያችንን ዘወትር ያስቃታል፣ ኦርቶዶክሶቹም «የኛን ሕግ ከኛ በላይ የምታውቅ ጴንጤ» ይሉኛል፣ የጻፍኩትን ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ ከነዚህም ከነዚያም ያነበበ የለም። ያን ሰሞን ደግሞ የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ኮንትራቴን እንደማያድስ ነግሮኝ፣ ዕድሜዬን ምን ላይ ጨረስኩት እያልኩ እበግን ነበር።

አንድ ሰኞ እትዬ ዘነበች አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሰፈር ያለው ቤቴ መጡ። ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ሰባ ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን ሆቴል በማጽዳት የጨረሱ ጎረቤቴ ናቸው።

«ልጄ፣ አንቺ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ዶክተር ነሽ አሉ። ግዝት ፍቺልኝ!» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«እትዬ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ታሪክ ነው የማጠናው» ብል ማን ሰምቶኝ! ነገሩ እንዲህ ነው፣ ባለቤታቸው ከእትዬ ወንድም ከጋሽ ታዬ ጋር ተጣልተው «የታዬን ደጃፍ ብትረግጪ በእግዚአብሔር ስም ገዝቼሻለሁ» ብለው ያስሯቸዋል፣ ሳይፈቷቸውም ይሞታሉ፣ የንስሐ አባታቸውም ብዙ ሳይቆዩ ይከተላሉ። እትዬም ግዝት ፈርተው፣ ሮተርዳም ያለውን አንድ ወንድማቸውን ዘጠኝ ዓመት ሳያዩት ኖሩ፣ ከዚህ እስከዚያ እኮ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም።

«ሐሙስ ሐኪም ቤት ገብቶ ልቡን ቀዶ ጥገና ሊያደርጉለት ነው። እንደወጣ ቢቀርብኝስ? አዲሱን ቄስ ለመንኳቸው፣ ልጅ ናቸው፣ ፈሩ። ‹የሚፈታው ያሰረው ነው፣ ያሰረው ሲሞት ምን እንደሚደረግ አባቶች የጻፉት ካለ አሳዩኝና ዛሬውኑ እፈታለሁ› አሉኝ።» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ሃያ ዓመት ያኘክኳት ጥያቄ ነጠላ ለብሳ እቤቴ ድረስ መጣችብኝ፣ እኔ ደግሞ መልስ አልነበረኝም። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሄግ ተነሳሁ፣ የድሮ የኢትዮጵያ ብራናዎችና የካህናት መዝገቦች ያሉበት ቤተ መዛግብት እዚያ አለ። ባቡሩ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆመ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ገና ሜዳ መሐል ቆመን ላም እናይ ነበር፣ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ቦርሳዬን ሎከር ውስጥ ቆልፌ ወደ ንባብ ክፍሉ ስገባ እኔ ከምቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳጥን ተቀምጧል፣ መብራቱ በርቷል፣ ወንበሩም ወደ ኋላ ተስቧል። ወንበሩን በእጄ ነካሁት፣ እመኑኝ፣ ሞቅ ያለ ነው።

«ይኼ የማን ነው?» አልኳት መዝገብ ጠባቂዋን፣ ለዓመታት የምታውቀኝ ሆላንዳዊት ናት።

«የርስዎ ነዋ! ጠዋት መጥተው ያዘዙት።»

«እኔ እኮ አሁን መግባቴ ነው።»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀችና የማዘዣ ወረቀቱን አወጣችልኝ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፣ ስፈርም መጨረሻ ላይ የምጥላት ነጥብ እንኳ ሳትቀር አለች፣ የሳጥኑን ቁጥር ግን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ተቀመጥኩና ከፈትኩት። የአንድ የገጠር ካህን የዳኝነት ማስታወሻ ነው፣ ወረቀቱ ዳር ዳሩን አልቋል። እኔ ቅጠል ስገልጥ ከኋላዬ ሌላ ቅጠል ይገለጣል፣ መጀመሪያ እኩል ነበርን፣ ቆየት ሲል ያኛው ይቀድመኝ ጀመር፣ ዞር ብል ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። ተነስቼ ልሮጥ አልኩ፣ እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝና ተውኩት። አንድ ገጽ ላይ ስደርስ የኋላው ድምፅ ቆመ፣ እኔም ቆምኩ።

እዚያ ገጽ ላይ ባሏ ገዝቷት የሞተባት የአንዲት ሴት ጉዳይ ተጽፏል፣ ካህኑ ሦስት ሽማግሌዎች አቅርቦ፣ ሟቹ ዛሬ ቢኖር ይቅር ይል እንደነበር አስመስክሮ፣ በሟች ስም ፈትቷታል፣ ምክንያቱንም ከነቀኖናው ዘርዝሯል። በእርሳስ ቀዳሁት። በኋላ ተመልሼ አይቻለሁ፣ ገጹ እዚያው አለ፣ እኔ የፈጠርኩት አይደለም።

ረቡዕ ጠዋት ቄሱ ሁለቴ አነበቡት፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስጠሩና ፈቱ። ወዲያው ከእትዬ ጋር ሮተርዳም ሄድን። ጋሽ ታዬ ሳናንኳኳ በሩን ከፈቱ፣ እህትና ወንድም ተቃቅፈው ደጃፉ ላይ የተላቀሱትን ልቅሶ ሰምተው ጎረቤቶች ሁሉ ብቅ ብለው አዩን፣ እኔም ከዚያ ቀን በላይ በሥራዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«መምጣቴን ማን ነገረህ?» አሉ እትዬ አይናቸውን እየጠረጉ።

«ዶክተር ሰናይት ናቸዋ! ትናንት ጠዋት በአራት ሰዓት ደውለው ‹እህትዎ ሊፈቱ ነው፣ ነገ ይመጣሉ› አሉኝ፣ ይኸው ክክ ወጡን ሠርቼ ስጠብቅ።»

ስልካቸውን አሳዩኝ። የተደወለው ከእኔ ቁጥር ነው። በአራት ሰዓት እኮ እኔ ባቡር ውስጥ ነበርኩ፣ መልሱንም ገና አላገኘሁም ነበር፣ የእኔ ስልክ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥሪ ጭራሽ የለም። እትዬ አይን አይኔን ሲያዩኝ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ፣ ምን ልበል ታዲያ?

የሐሙሱ ቀዶ ጥገና በሰላም አለቀ። ኮንትራቴ አልታደሰም፣ ግን ቄሱ በአባት፣ በባል፣ በአማት ቃል ታስረው የኖሩ ሰዎችን ይልኩብኛል፣ አብረን መዝገብ እናገላብጣለን፣ እስካሁን አራት ቤት ታርቋል፣ ዕድሜዬን በከንቱ አልጨረስኩም ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ታዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ደህና ሆነዋል፣ ደረጃ መውጣት ጀምረዋል። ልሰናበታቸው ስነሳ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ዶክተር፣ ልጠይቅዎ እያልኩ ስፈራ ነው የከረምኩት። ያን ዕለት ስልኩን ሲዘጉ ለምን ነበር የሚያለቅሱት?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ» አልኳቸው።

ያቺ የደወለችው ደስ ብሏት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።