ውርጭ የያዘው መኪና

ሹፌሩ ኑርዬ ሞተሩን ሊያስነሣ እጁን ሲሰድ ሀምዱ በመስኮቱ ተንጠራርቶ የእጁን አንጓ ያዘው።

«እንዳትነካው! ይህን መኪና የያዘው ፍሬንህ አይደለም፤ ውርጩ ነው።»

ኅዳር 1977 ነበር። ሰማንያ ኩንታል ስንዴ ጭነው ከሐይቅ የተነሡት ትናንት ማለዳ ነው። ወቅቱን ያልጠበቀ ካፊያ ከሐይቁ ዳር ጀምሮ አልተለያቸውም፤ የአምባሰልን ዳገት ሲያጋምሱ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ አመሻሽ ላይ ከአስታ አምባ በታች ባለው ጠመዝማዛ የኋላ ጎማዎቹ የገደሉ ጠርዝ ላይ ሰመጡ። ሌሊቱን ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ ወረደና ጭቃውን እንደ ብረት አጠነከረው። አሁን ጎህ ቀዷል። በማዶው ገደል ላይ የፀሐይ ብርሃን ከአናቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሸለቆውን ተሻግሮ እነሱ ያሉበት ጥላ ሲደርስ መሬቱ ይለቃል፤ መኪናው ከነስንዴው ገደል ይገባል። አስታ አምባ ላይ ደግሞ ሦስት መቶ አባወራ ይህንኑ መኪና ሲጠብቅ ሰንብቷል።

ሀምዱ የመንገድ ሥራ ካቦ ነው። ይህን ጠመዝማዛ አምና በበጋ ያነጠፈው ራሱ ነበር። ተንበርክኮ ከጎማው ሥር አንድ ድንጋይ ነቀለ። ያኔ እንደ ወተት የነጣ፣ ለመዶሻ የሚመች ድንጋይ ነበር፤ አሁን በጣቶቹ መሐል እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ስንጥቁ ውስጥ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ያብለጨልጫሉ።

«ድንጋይ እኮ ነው!» አለ ለራሱ።

ተሾመች ሰማችው። የሰዎችን የወፍጮ ድንጋይ እየወቀረች የምትተዳደር የአስታ አምባ ሴት ናት፤ ከሐይቅ ነው የተሳፈረችው። ስባሪውን ተቀብላ ምላሷ ላይ አስነካችው። እጇን ስታነሣ ሳይወድቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። መንጭቃ አላቀቀችው።

«ይኸው፣ የተጠማ ድንጋይ ነው። ምላስ የያዘ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውን ውርጭ ሲያገኘው ያብጥና ይፈነዳል። እኛ ለወፍጮ አንነካውም። ምነው ሳትልሰው ቀረህ?»

«እትዬ፣ መንገድ በምላስ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለ ኑርዬ።

«አንተስ እዚህ ድረስ የነዳኸን በምላስህ አይደል?»

ሀምዱ አልሳቀም። አምና ኃላፊው ከዋናው መንገድ የተቆፈረ አሮጌ አስፋልት ሁለት መኪና ሙሉ ልኮለት ነበር። «በአዲስ መንገድ ላይ ቆሻሻ አላነጥፍም» ብሎ ከዚሁ ጠርዝ አስደፋው። አሁን ቁልቁል ሲያይ፣ ጥቁሩ ክምር ሠላሳ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ እንደተጣለ አለ። ዝናቡም ውርጩም ምንም አላደረገው።

ከጎማው ሥር ሊያነጥፈው ገመድ ወገቡ ላይ አሰረ። ኑርዬ ጫፉን በጽድ ግንድ አዙሮ ያዘ። ሀምዱ እየተንሸራተተ ወረደ፤ የመጀመሪያውን ስባሪ ሲያነሣ ከክምሩ ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረመ። ጅብ ጎሬውን እዚያ ሠርቷል። ጥርሱን አግጦ ሲወጣበት ሀምዱ የያዘውን አስፋልት በሁለት እጁ ወረወረ። ትከሻውን አገኘው፤ ጅቡ ጎኑን ታክኮት አለፈና ቁልቁል ጥሻው ውስጥ ገባ።

«ካቦ! አለህ?»

«አልሐምዱሊላህ! ሳብ!»

ዐሥር ስባሪ እንኳ ሳያወጡ ብርሃኑ የማዶውን ገደል ጨረሰ። ይኼኔ ከታችኛው መንደር ሰባት ሰዎች ፋስና ዱላ ይዘው ብቅ አሉ። ጉንጫቸው ገብቷል፤ ዓይናቸው ጆንያው ላይ ነው።

«ገደል ከሚበላው እኛ እንብላው» አለ መሪያቸው አምሳሉ። «አውርዱ!»

«ጭነቱ ላይ የወጣ አብሮ ገደል ነው የሚገባው!» ሲል ኑርዬ ጮኸ። አምሳሉ ፋሱን ከፍ አደረገ።

ሀምዱ በገመዱ ተስቦ ወጣ፤ መዳፉ ይደማል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ድንጋዩን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ላይ ያሉትም በኔ ጥፋት ሊያልቁ ነው። እናንተም እንደ ራባችሁ አያለሁ። ይህን ጥቁር ድንጋይ አውጡልኝና አብራችሁን ውጡ። ድርሻችሁን ሳትይዙ፣ ወላሂ፣ ከአስታ አምባ አልወርድም።»

አምሳሉ ወደ ተሾመች ዞረ። «እውነቱን ነው?»

«ለድንጋይ ብሎ ከጅብ የተያያዘ ሰው ለእህል ይዋሽሃል?»

ፋሱ ወረደ። ሰዎቹ ገደሉ ላይ ተደርድረው ስባሪውን ከእጅ ወደ እጅ አቀባበሉ። ሀምዱ ነጩን ፍርፋሪ በዶማ ዛቀ፣ ጥቁሩን ከጎማው ሥር ወተፈ፣ በመዶሻ ደቀደቀ። ፀሐይ የመኪናውን ጣሪያ ነካች። ጠርዙ አላበው፤ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

«አሁን! ንዳው!»

ሞተሩ አጓራ። ጎማው ዞረ፣ ተንሸራተተ፣ ጥቁሩን ንጣፍ ነከሰ። መኪናው ተንቀጥቅጦ ወደ ፊት ሲዘል ከኋላው ነጩ ጠርዝ ተንዶ ገደል ገባ።

ቀትር ላይ አስታ አምባ ደረሱ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «ስማቸው ዝርዝር ውስጥ የለም» ብሎ ሲያንገራግር ሀምዱ ሰባት ጆንያ ላይ ተቀምጦ አልነሣም አለ። ሰባቱም ሰዎች ድርሻቸውን ተሸክመው ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን ኑርዬ ባዶ መኪናውን ይዞ ሲመለስ ጠመዝማዛው ወደ ዳገቱ በኩል ሰፍቶ፣ ጥቁር ለብሶ ጠበቀው። አምሳሉ ይቆፍራል። ሀምዱ ከአዲስ የድንጋይ ክምር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አንዱን እያነሣ ወደ አፉ ያደርሳል።

«ምነው ካቦ፣ ላይ ስንዴ እያለ ድንጋይ ትልሳለህ?»

ሀምዱ ሊመልስለት አልቻለም። ድንጋዩ ምላሱን ይዞት ነበር።