አርባ ሁለቱ አራቶች

ሟቿ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። አዋላጇ ደም የሚያቆመውን መርፌ ሁለት ጊዜ ብትወጋትም ምንም ለውጥ አልመጣም።

የመድኃኒት ተቆጣጣሪዋ ስትደርስ የጤና ጣቢያው ዳይሬክተር ጥፋተኛ አዘጋጅቶ ጠበቃት።

«አዋላጇ ዘግይታ ነው። እዚህ ጋ ፈርሚና ጉዳዩ ይዘጋ።»

«ሳላጣራ አልፈርምም።»

«ከበላይ ይደወልልሻል!»

«ይደወላ!»

አዋላጇ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር። «እትዬ፣ ወዲያው ነው የወጋኋት። መድኃኒቱ ነው የከዳኝ!»

የመድኃኒት ክፍሉን የሚይዙት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይህ መርፌ ቅዝቃዜ ካጣስ?»

«ይደክማል፣ ልጄ። ለዚህ ነው የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ የምመዘግበው። ባለፈው ወር መብራት ሦስት ሳምንት ሲጠፋ ግን ታምሜ ቤቴ ነበርኩ፤ ቁልፉን ለዳይሬክተሩ ሰጥቼ። ስመለስ አዲስ ወር ስለነበር አዲስ መዝገብ ጀመርኩ።»

ተቆጣጣሪዋ ያለፈውን ወር መዝገብ ገለጠች። 4.3፣ 3.8፣ 5.1 ይላል። ከዚያ ለሃያ አንድ ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ ነጥብ የሌለው 4 ብቻ። ከጎኑ የጋሼ ፊርማ አለ። መዝገቡን ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«መጠባበቂያ ጄኔሬተሩስ?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀች።

«ያኔ ዳይሬክተሩ ለጥገና ብለው በመኪናቸው ወስደውት ነበር።»

ዳይሬክተሩን ስለ ፍሪጁ ስትጠይቀው ግን ሳቀ። «ፍሪጁ ያን ጊዜ ሁሉ ከአራት ዲግሪ ንቅንቅ አላለም!»

በሳምንቱ ሁሉንም መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟቿ ባልም ጨቅላዋን ታቅፎ መጣ።

«ከፍሪጁ ወስጄ ያስመረመርኩት መርፌ የላቦራቶሪ ውጤት ደርሷል፤ የመርፌው ኃይል ከግማሽ በታች ነው። አዋላጇ አላጠፋችም፤ የወጋችው ሙቀት ያበላሸውን ነው። መዝገቡ ግን ፍሪጁ አልሞቀም ይላል። ማን ጻፈው? ጋሼ ነጥቧን ሳይቀር ይጽፋሉ፤ ደግሞም አልጋ ላይ ነበሩ። ቁልፉ የነበረው እርስዎ ጋ ነው፣ ዳይሬክተር። አራት ዲግሪ መሆኑን ማን ነገረዎት? መዝገቡን ከእኔ በቀር ያነበበ የለም፤ ከጻፈው ሰው በቀር።»

«ጄኔሬተሩ ጥገና ላይ ስለነበረ...»

«የግል ክሊኒክዎ ግቢ ውስጥ ነበር። ጎረቤቶችዎ ሦስት ሳምንት ሙሉ በጩኸቱ ተማረዋል። መድኃኒቱን ቢያስወግዱት ደግሞ ለምን ተበላሸ የሚል ጥያቄ ስለሚመጣ፣ የጋሼን ፊርማ አስመስለው አርባ ሁለት አራት ጻፉ።»

ዳይሬክተሩ ብድግ አለ። «ከሥራሽ አስነሳሻለሁ!»

«ያስነሱኝ። ፖሊስ ግን ደጅ ቆሟል።»

ባልየው ጨቅላዋን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። አዋላጇ እንባዋን ጠርጋ ተነሣችና ፍሪጁን ከፈተች፤ የቀረውን መርፌ አንድ በአንድ አውጥታ ለማስረጃ ሊታሸግ የተዘጋጀው ካርቶን ውስጥ ከተተች።

«ከእንግዲህ በእኔ እጅ ይህ ለማንም እናት አይወጋም» አለች ዳይሬክተሩን ዓይን ዓይኑን እያየች።