የዲክሽነሪ ወረቀት

መምህሩ አሥራ አራቱን የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርገው ሲጥሏቸው፣ የስምንተኛ ክፍል ጫጫታ ሬዲዮ የተዘጋ ያህል ጸጥ አለ።

«ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ይሳሳታል፤ እሺ፣ ይሁን» አሉ። «አሥራ አራት ሰው ግን ‹ኢንጆይ› ከሚለው ግስ ቀጥሎ ‹ቱ› ይጽፋል? አሥራ አራቱም ‹ዲሳይድ› ላይ ሲደርስ ‹ኢንግ› ይለጥፋል? ከሃያ ጥያቄ ሁላችሁም ሁለት ሁለት! እነሱንም ያገኛችሁት ‹ላይክ› እና ‹ስታርት› በሁለቱም መንገድ ስለሚያስኬዱ ነው። ይሄ ኩረጃ ካልሆነ እኔ መምህር አይደለሁም!»

መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ልጅ አንገቷን ደብተሯ ውስጥ ቀበረች። ክፍሉ በሙሉ «ዲክሽነሪ» ነው የሚላት፤ ለሐሙሱ የጥያቄና መልስ ውድድርም የታጨችው እሷ ናት። እንግሊዝኛ ላይ እሷ ካለች አለ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ጉዱን ያመጣውም ይኸው ነው። ፈተናው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከየትኛው ግስ ቀጥሎ «ቱ»፣ ከየትኛው ቀጥሎ «ኢንግ» እንደሚመጣ መያዝ ያቃተው ሁሉ እሷ ላይ ተንጠለጠለ። እሷም አንድ ገጽ ለሁለት ከፍላ ግሶቹን በግራና በቀኝ ደረደረችላቸው። ዲክሽነሪ አንድ አመል አለባት፤ ርዕስ የምትጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ታላቅ እህቷ በሰጠቻት ቀይ እስክሪብቶ። ያን ቀን ደግሞ ታናሽ ወንድሟ እስክሪብቶውን ደብቆባት ቤቱን ስታምስ ዋለች። አልጋ ሥር ሲገኝ፣ እንደጦፈች ቁጭ አለችና የግራውን ርዕስ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ጻፈችው። አሳምራ ጻፈችው፤ ሁለት ጊዜም አሰመረችበት።

በማግስቱ የልብ ጓደኛዋ ጥድፊያ ወረቀቱን ነጥቃት ፎቶ ኮፒ ቤት በረረች። ጥድፊያ ስትበላም ስታወራም መኪና ሊያመልጠው እንደሆነ ሰው ናት፤ ስሟንም ያገኘችው በዚሁ ነው። አሥራ አራት ኮፒ ይዛ ተመለሰችና አንዱን ለራሷ አስቀርታ ሌላውን አደለችው። ማንም ከመጽሐፉ ጋር ላስተያይ አላለም። የዲክሽነሪን ወረቀት ማን ይጠረጥራል?

«ከማን ነው የኮረጃችሁት? ተናገሩ እንጂ!» አሉ መምህሩ።

ጥድፊያ ብድግ አለች። «አልኮረጅንም ቲቸር! ሁላችንም ከአንድ ወረቀት ላይ አጥንተን ነው። ወረቀቱ ነው የተሳሳተው።»

«የማን ወረቀት?»

ጥድፊያ ወደ መስኮቱ ዞርም አላለች። «የእኔ» አለች።

ዲክሽነሪ ክው አለች።

«አሃ! መጀመሪያ አስረክበሽ የወጣሽውም አንቺ ነሽ» አሉ መምህሩ። «ወረቀት ነው ወይስ አጤሬራ? ይዛችሁት ነው የገባችሁት! ነገ ወላጅ ይዘሽ ትመጫለሽ። አሥራ አራታችሁም ዜሮ ናችሁ።» ከዚያ ከኪሳቸው አንድ የታጠፈ የፈተና ወረቀት አወጡ፤ ፊታቸውም ፈካ አለ። «ሃያ ከሃያ የደፈነች ልጅ ግን አለች። ሐሙስ በጥያቄና መልስ ውድድሩ ትምህርት ቤታችንን የምትወክለው እሷ ናት። አጨብጭቡላት እስቲ!» ብለው ወረቀቱን ለዲክሽነሪ ዘረጉላት።

ጭብጨባው ለወጉ ያህል ነበር። ጥድፊያ አላጨበጨበችም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

በእረፍት ሰዓት የውሃ ቧንቧው ጋ ተገናኙ።

«ሃያ ከሃያ?» አለች ጥድፊያ። «በዚያው ወረቀት አይደል እንዴ ያጠናሽው?»

ዲክሽነሪ ቧንቧውን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጠዋት።»

«የቱ ጠዋት? እንዳትይኝ… የፈተናው ዕለት?»

ዲክሽነሪ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። የዚያን ዕለት ቁርሷን እየበላች መጽሐፉን ስትገልጥ ርዕሶቹን አገላብጣ መጻፏን አይታ ነበር። ልንገራቸው ብላ እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ግን ልጆቹ ወረቀታቸውን እያወዛወዙ «አንቺ ባትኖሪ ጉዳችን ፈልቶ ነበር!» ሲሏት፣ ከሰልፍ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለች። ከሰልፍ በኋላ ደግሞ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ አለች። ከዚያ ደወሉ ጮኸ። «ዲክሽነሪም ትሳሳታለች እንዴ?» መባልን ፈርታ ነው፤ ሌላ ሰበብ የለውም።

«እኔ እኮ አንቺም አብረሽን የወደቅሽ መስሎኝ ነው» አለች ጥድፊያ። እንዲህ ቀስ ብላ ስትናገር ዲክሽነሪ ሰምታት አታውቅም። «ሌባ ብለው ውድድሩን እንዳይከለክሉሽ ብዬ ነው የእኔ ነው ያልኩት። አባቴ ነገ አውቶቡሱን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ይመጣል። ልጅህ ኮራጅ ናት ሊባል።»

«በናትሽ፣ እኔ…»

«ተይው በቃ።»

ጥድፊያ ሄደች። አልሮጠችም፤ እየተራመደች ነበር የሄደችው። ብትሰድባት፣ ብትገፈትራት በስንት ጣዕሙ!

ዋናው ወረቀት ከፈተናው ዕለት ጀምሮ ከቦርሳዋ አልወጣም። ቀዮቹ ርዕሶች በሰማያዊ ተሰርዘው፣ ከላያቸው ትክክለኞቹ ተጽፈዋል። አውጥታ አየችው። ከዚያ ሄዳ የመምህራኑን ክፍል አንኳኳች።

መምህሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሻይ ይጠጣሉ። «ግቢ፣ የኛ ጀግና!» አሏት።

«ወረቀቱ የእኔ ነው ቲቸር» አለች ሳትቀመጥ። «ርዕሶቹን አገላብጬ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። እነሱ አልኮረጁም። አምነውኝ ነው።»

መምህሩ ወረቀቱን ተቀበሏት። መነጽራቸውን አውርደው ግሶቹን አንድ በአንድ እያዩ፣ ከተማሪዎቹ መልስ ጋር አስተያዩአቸው። የእጅ ጽሑፏን እንደሆነ ከሩቅም ያውቁታል። ቀስ በቀስ ትከሻቸው ወረደ።

«እኔን! ልጆቹን በሐሰት…» አሉ። «በይ ለጓደኛሽ ወላጅ እንዳታመጣ ንገሪያት። ለሁሉም ሌላ ፈተና አወጣለሁ። አንቺም ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ፤ ለዚህ ብለሽ ውድድሩ ላይ እንዳትፈዢ።»

ዲክሽነሪ ተነፈሰች። እግሯ ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አሉ መምህሩ፣ ጣታቸው ሰማያዊው ሰረዝ ላይ ቆሞ። «ይሄን የሰረዝሽው መቼ ነው? የፈተና ወረቀትሽን ስመልስልሽ ነው፣ አይደል? ዛሬ?»

«አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ልጆቹ ድነዋል። ውድድሩም አልቀረባትም፤ ስሟም እንዳለ ነው። እውነቱን የምታውቀው ጥድፊያ ብቻ ናት፤ ጥድፊያ ደግሞ ብትሞት አትናገርም።

«አይደለም ቲቸር» አለች። «የፈተናው ዕለት ጠዋት ነው። ከመግባታችን በፊት።»

መምህሩ የሻይ ብርጭቋቸውን ገፋ አድርገው አጠገባቸው ያለውን ወንበር አሳዩአት። ዲክሽነሪ ሄዳ ተቀመጠችና ከዚያ ጠዋት ጀምራ ሁሉንም ነገረቻቸው።