ስልኩ ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል?

ማህሌት ዊልስደን ሰፈር ባለው ቤቷ፣ ከደረጃው ሥር ሞታ ተገኘች። ወድቃ ነው እንዳይባል፣ ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ጭቅጭቅ ሰምቷል። ባሏ አኑዋር ደግሞ ቀናተኛነቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የት እንደነበር የሚመሰክርለት የለም፤ እስከ ነገ ማታ ሌላ ሰው ካልተገኘ የሚታሰረው እሱ ነው።

ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ ግን የሰፈር ወሬ የሚያሯሩጣት ሴት አይደለችም። ወጥ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ የማህሌት ሻይ፣ ከጎኑ ደግሞ በስኒ ማስቀመጫ የተከደነ አንድ ኩባያ ውኃ አለ። ፍሪጁን ስትከፍት የሟች ስልክ ከቅቤው አጠገብ ተጋድሟል።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«የቻይና አመሏ ነው» አለ አኑዋር። «ቤጂንግ ስምንት ዓመት በጋዜጠኝነት ስትኖር፣ ሰው ምስጢር ሊያወራት ሲመጣ ስልኳን ፍሪጅ ትከተዋለች፤ እንዳይጠለፍ። ከእኔ ጋርማ ምን ምስጢር አላት? ምስጢሯ ከወንድይራድ ጋር ነው። ቀንቻለሁ፣ አልክድም።»

ወንድይራድ ቤጂንግ የተማረ አስተርጓሚዋ ነው። በማግስቱ ጣቢያ ሲጠየቅ ሻይ ቢያቀርቡለት «ሙቅ ውኃ ብቻ» አለና ኩባያውን በማስቀመጫው ከደነ።

«ባሏን ጠይቁት እንጂ፤ ሁልጊዜ ይጮህባታል።»

ሦስተኛዋ ተጠርጣሪ የማህሌት የልጅነት ጓደኛ ዳናዊት ናት። «የቤጂንጉን የጋዜጠኝነት ቦታ ስትወስድብኝ ዓመት ሙሉ አኩርፌያታለሁ» አለች። «አሁን የመጽሐፏ አርታኢ እኔ ነኝ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይወርቅ ሦስቱንም ማህሌት ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ስልኩ ፍሪጅ ገብቷል፤ ስለዚህ ቁም ነገር የያዘ እንግዳ መጥቷል። ለባሏ ስልክ አትደብቅም። እንግዳው ሻይ አልፈለገም፤ ሙቅ ውኃ ተቀዳለት፣ እንዳይቀዘቅዝም ከደነው፤ ይህ የቻይና ልማድ ነው። ዳናዊት ቻይናን ረግጣ አታውቅም። ወንድይራድ፣ አንተ ግን ጠዋት እኔው ፊት እንዲሁ ከደንክ። ከዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፤ አኑዋርን ጠቆምከኝ። የኩባያው አሻራ እስኪወጣ ልጠብቅ ወይስ ትነግረኛለህ?»

ወንድይራድ ፈነዳ።

«ቤጂንግ ለዘገባዎቿ ነጋዴውንም የፋብሪካ ሠራተኛዋንም ያናገርኩት እኔ ነኝ። እኔ ጠየቅኩ፣ እኔ ተረጎምኩ፤ ጋዜጣው ላይ የወጣው የሷ ስም ብቻ ነው። አሁን ደግሞ መጽሐፍ። ‹አንድ ነገር ላሳይህ› ብላ ደረጃውን ስትወጣ ልትደልለኝ መሰለኝ። ተከትዬ ጎተትኳት።»

አኑዋር ተረፈ፤ ግን ፊቱን ሸፍኖ ያለቅስ ነበር።

«የመጽሐፉን ሽፋን ልታሳይህ ነበር» አለች ዳናዊት። «የሁለታችሁም ስም አለበት። እኔው ልንገረው ብላ ዝም አስባለችኝ።»

ወንድይራድ ቀና አለ።

«የማን ስም ይቀድማል?»

ፀሐይወርቅ ሃያ ዓመት ስትመረምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ አታውቅም።

«ያንተ» አለችው ዳናዊት።