መንገዱ መሃል የሚያበቃ ሥልጣን

ሬሳው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996፣ በኅዳር ወር አንድ ዓርብ ጠዋት፣ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በሪቨርክሮስ ዩኒቨርሲቲ ሣር ላይ ነው። ከሣሩ ቀጥሎ የመኪና መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ሲዋርድ የሚባለው ሰፈር ይጀምራል። ሟቹ ዘይኑዲን ይባላል። የወሎ ልጅ ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን ላቦራቶሪዎች ያጸዳ ነበር። ቤቱም እዚያው ማዶ፣ ከሣሩ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

ከፖሊስ መጀመሪያ የደረሰው ሳጅን ኤዶሳ ነበር። ኤዶሳ አዲስ አበባ ወንጀል ምርመራ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሚኒያፖሊስ ከመጣ በኋላ ግን የዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ሆኖ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ መኪና ያለቦታው ያቆሙ ተማሪዎችን ሲቀጣ ኖሯል። ያን ሁሉ ችሎታ በቅጣት ትኬት መጨረሱ ያንገበግበው ነበር። በረዶው ላይ ተንበርክኮ ሬሳውን ሲያይ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ልቡ ውስጥ ደስ አለው።

አለቃው ካፒቴን ኦልሰን ሰውየው ተንሸራቶ ወድቆ ነው አለ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ በረዶውም ያንሸራትታል። ኤዶሳ ግን ሌላ ነገር አየ። ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አገጩ በገዛ ሻርፑ ታስሯል። ፊቱ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ገና ብቅ ወደምትለው ፀሐይ ዞሯል። ኮት አልለበሰም። ያደረገው የቤት ነጠላ ጫማ ነው፤ የጫማው ሶል ደግሞ ደረቅ ነው። በዙሪያው የነበረውን ዱካ ሬሳውን ያገኙት ተማሪዎች ረግጠው አጥፍተውታል።

«ተንሸራቶ የሞተ ሰው የራሱን አገጭ አያስርም» አለ ኤዶሳ።

ኦልሰን ወደ መንገዱ አመለከተ። «ሣሩ ላይ እስከሆነ የእኛ ነው። ግን ልብ በል፤ ሥልጣናችን መንገዱ መሃል ላይ ያበቃል። ወንጀለኛ እያባረርክ ካልሆነ፣ ማዶ ስትሻገር እንደማንኛውም መንገደኛ ነህ። እዚያ የሚፈተሽ ነገር ካለ ለከተማው ፖሊስ ንገር፤ ከዳኛ ፈቃድ አውጥተው ይፈትሻሉ።»

ኤዶሳ እሺ አለ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ከመሻገሩ በፊት መንገዱን ተመለከተ። በረዶው የጀመረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ አሥራ ሁለት ላይ አቆመ። መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ከዘይኑዲን ቤት ፊት ለፊት የአንድ መኪና ቁመትና ወርድ ያህል አስፋልት ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። ስምንት ዓመት የቆመ መኪና ሲያይ ለኖረ ሰው ይህ እንደ ፊደል የሚነበብ ነው። ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ ፎቶ ግን አላነሳም። ሳይቆይ የበረዶ መጥረጊያው መኪና መጥቶ ጠረገው።

ቤቱ ውስጥ ከሟቹ ጋር አብረው የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሻሂዳ የሟቹ እህት ናት። ሚካኢል የአዲስ አበባ ልጅ ሲሆን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ያስታምማል። ሙሀይሚን ታክሲ ይነዳል፤ ከሻሂዳ ጋር ኒካ ሊያስሩ ቀን ተቆርጦ ነበር።

ሻሂዳ ወንድሟ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ለሱብሒ ሰላት ሲነሳ ሰምታለች። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ሌላ አታውቅም። ሐሙስ ዕለት ከኮምቦልቻ ደብዳቤ እንደመጣለት፣ ማታ ደግሞ ምክንያቱን ሳይነግራት «ኒካው ይቆይ» እንዳላት ነገረችው። ደብዳቤው የትም የለም። ኤዶሳ ሊነሳ ሲል እጅጌውን ያዘችው።

«ጋሼ ኤዶሳ፣ ሰው ከገደለው አድበስብሳችሁ አትለፉብኝ። ስሙ ዳኛ ፊት ይጠራልኝ። ሌላ የምለምንህ የለኝም።»

ቃል ገባላት። ሳያስብ ነው የገባው።

ሙሀይሚን ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ድምፁ ግን የረጋ ነው። «አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ኤርፖርት ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ፤ በረዶው ሳይጀምር። ሺፍቴን ጨርሼ ስመጣ ነው የሰማሁት» አለ።

ኤዶሳ ጥቁሩን አስፋልት አስታወሰ። በዚህ መሃል የዙሁር ሰላት ደረሰ። ሁለቱ ወንዶች መስገጃቸውን ሳሎን ውስጥ አነጠፉ፤ ሚካኢል ወደ ወጥ ቤቱ በር፣ ሙሀይሚን ወደ መስኮቱ። ኤዶሳ ክርስቲያን ነው፤ ወደ ተለያየ አቅጣጫ መስገዳቸው ገረመው። ሰግደው ሲጨርሱ ሚካኢልን ደረጃው ላይ ለብቻው አገኘው።

«ካለፈው ረመዳን ወዲህ መስጊዱ አስተካክሎናል» አለ ሚካኢል። «ምድር ክብ ስለሆነች ከዚህ ወደ መካ አጭሩ መንገድ በሰሜን ምሥራቅ ነው አሉን። ዘይኑም፣ ሻሂዳም፣ እኔም ዞርን። ሙሀይሚን ብቻ ካርታ ዘርግቶ፣ መካ በደቡብ ሆና ሳለ ወደ ሰሜን አልሰግድም አለ። እንስቅበት ነበር።»

ኤዶሳ ወደ መንገዱ ወጣ። ታክሲው እዚያው በሰፈሩ በኩል ቆሟል፤ የኋላ ዕቃ መጫኛው በደንብ አልገጠመም። ስልክ ቢደውል የከተማው ፖሊስ በሩብ ሰዓት ይደርሳል፤ ፈቃዱም እስከ ማታ ይወጣል። ግን ነገሩን ይወስዱበታል። እሱ ወደ ትኬቱ ይመለሳል፤ እነሱ በአስተርጓሚ ይጠይቃሉ። ይህን እያሰበ ክዳኑን ቀና አደረገው። ውስጡ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ላይ ደም። በብብቱ ይዞ ተሻገረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

እሑድ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሰደቃው ካበቃ በኋላ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበ። ኦልሰንም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ። ኤዶሳ በአማርኛ ይናገራል፤ ለአለቃው በእንግሊዝኛ ይደግምለታል።

«ዘይኑዲን ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ኮት ሳይደርብ ወጣ። ስለዚህ የጠራው የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሩቅም አልሄደም። በረዶ ላይ ተኝቶ ጫማው ደረቅ ነበር። ስለዚህ ሣሩ ድረስ በእግሩ አልሄደም፤ ሞቶ ተሸክመውት ነው። ላዩ ላይ በረዶ አልነበረም። ስለዚህ የተወሰደው በረዶው ካቆመ በኋላ ነው።»

ወደ ሚካኢል ዞረ። «ደብዳቤ የምታነብለት አንተ ነህ፤ እሱ ፊደል አልቆጠረም። ምን ይል ነበር?»

ሚካኢል አቀረቀረ። «ሙሀይሚን ኮምቦልቻ ውስጥ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት ይላል። ዘይኑ፣ እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ፣ አደራ ለማንም እንዳትናገር አለኝ። አደራው አፌን ዘጋው።»

ሻሂዳ ሙሀይሚንን አላየችውም።

«ሙሀይሚን በረዶው ሳይጀምር ሄድኩ አለኝ» ቀጠለ ኤዶሳ። «ታክሲው የቆመበት አስፋልት ግን ደረቅ ነበር። በረዶው እስኪያቆም እዚያው ቆሞ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻም፣ የገደለው ሰው ዓይኑን ከድኖ፣ አገጩን አስሮ፣ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዙሮ አስተኛው። ሚካኢል ወይም ሻሂዳ ቢሆኑ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዞሩት ነበር። እዚህ ቤት ውስጥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሰግደው አንድ ሰው ነው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «አስቦበት አይመስለኝም። በረዶው እስኪያቆም ታክሲው ውስጥ ተቀምጠው ተጣሉ፣ በበሩ ገፋው፣ ጭንቅላቱ የመንገዱን ጠርዝ መታው። መኪና እንዳይሄድበት ብሎ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ሣሩ አሻገረው። ይወደው ነበር።»

ሻሂዳ አሁን ቀና አለች። «ሙሀይሚን፣ አንተ ነህ?»

ሙሀይሚን አዎ አላለም፤ አይደለሁም ብሎም አልማለም። ተነስቶ ጫማውን አደረገና፣ እዚያ ሊያስረው ሥልጣን በሌለው በኦልሰን አጠገብ አልፎ ወጣ።

«ብርድ ልብሱን ከየት አገኘኸው?» አለ ኦልሰን። ኤዶሳ ነገረው። ካፒቴኑ ግድግዳውን ተደገፈ።

ዐቃቤ ሕጓ ሰኞ ዕለት አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማችው፤ እያንዳንዱን ቃልም አመነችው። ከዚያ አስረዳችው። ሰውየው የሞተው ማዶ መሆኑን ያረጋገጠው እሱ ራሱ ነው፤ ማዶ ደግሞ ሥልጣን የለውም። ያለ ዳኛ ፈቃድ፣ ከክልሉ ውጭ የወሰደውን ብርድ ልብስ ፍርድ ቤት አያይለትም። አሁን ታክሲውን በፈቃድ ቢፈትሹም በእሱ ጥፋት የተገኘ ነው ተብሎ ይወድቃል። በረዶው ፎቶ ሳይነሳ ተጠርጓል፣ ደብዳቤው የለም፤ የሚካኢል ቃልም ለምን እንደተጣሉ እንጂ ማን እንደገደለ አያሳይም።

«የቀረህ ሬሳው ወዴት ዞሮ እንደተኛ ነው» አለችው። «ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሰግድ ደግሞ በዚህ ከተማ ስንት መቶ ሰው አለ። በዚህ ብቻ ማንንም ልከስ አልችልም።»

የሞት ወረቀቱ ላይ «ተንሸራቶ በመውደቅ» የሚለው እንዳለ ቀረ። ሚካኢል ዉድበሪ ወደሚባል የከተማ ዳርቻ ገባ። ሙሀይሚን ቡርንስቪል በሚባል ሌላ ዳርቻ አፓርትመንት ተከራየ፤ ታክሲውን ይነዳል፣ ዓርብ ዓርብም መስጊድ ይመጣል። ሻሂዳ በሴቶቹ በኩል ሆና ድምፁን ትሰማለች።

በሚያዝያ ኤዶሳ ያንኑ ሣር ተከትሎ ትኬት ሲጽፍ ሻሂዳ ከሥራ ስትመለስ አገኛት። ያጠፋው እሱ መሆኑን ሊነግራት፣ ይቅርታም ሊጠይቃት ጀመረ። እጇን አንስታ አስቆመችው።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ነግረውኛል። አልረግምህም። ግን ባትደርስበት ኖሮ አላህ ወሰደው ብዬ እተኛ ነበር። አሁን ገዳዩን ሰላም እያልኩ እንድኖር ነው ያደረግኸኝ።»

እሷ መንገዱን ተሻግራ ወደ ቤቷ ገባች።