አርባ ደቂቃ ይፈጃል

ሙሪሚን የገደለው ሰው አንዴ መትቶ አልበቃውም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተር የሚያቆየውን ከባድ ባትሪ አንስቶ ሦስት ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ አውርዶበታል። ደሙ በጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ ወለሉ ላይ ረግቷል።

ኢንስፔክተር ናፉላ ከናይሮቢ የቀትር ፀሐይ ወደ ቢሮው ስትገባ፣ የሟች ባልደረባ ቼሮቲች በካቴና ታስራ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። ቀሚሷ ከታች በደም፣ ከደረቷ በወተት ርሷል። የሦስት ወር ልጇን ጎረቤት ትታ ነው የመጣችው።

«አስከሬኑን አቅፋ ነው ያገኘናት፣ አፋንዴ» አለ ፖሊሱ ለአለቃው። «መኪናው ሲደርስ ትወሰዳለች።»

«የሞተ ያቀፈ ሁሉ ገዳይ ከሆነ፣ አልቃሹን ሁሉ እሰር እንግዲህ!»

የሶፍትዌር ድርጅቱ ባለቤት ኦጉቱ ማዶ ሥጋ ቤት ነበርኩ አለ። ናፉላ ሥጋ ጠባሹን አስጠየቀች፤ እውነት ነው። የቀረው ዋናው ባለሙያ ኪሎንዞ ነው።

«ከስድስት ከአምስት እስከ ስድስት ከአርባ አምስት ከወንበሬ አልተነሳሁም» አለ። «ሥራ አስጀምሬ እስኪያልቅ አየሁት። እንዳለቀ የቼሮቲችን ጩኸት ሰማሁ።»

«አርባ ደቂቃ ሙሉ ምን ታያለህ? ባቄላ ጥደሃል?»

«ማማ፣ ይኼ አይገባሽም። ፕሮግራማችን የተሠራው ዩኒክስ ለሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፤ እዚህ ዊንዶውስ ላይ በአስተርጓሚ ነው የሚኖረው። ሠላሳ ሺህ ፋይል አንድ በአንድ ያልፋል። ሦስት ዓመት ነገርኳቸው፤ ተፈጥሮው ነው፣ አርባ ደቂቃ ይፈጃል።»

ናፉላ ኮምፒዩተር አታውቅም፤ ሰው ግን ታውቃለች። ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል፤ የኪሎንዞ ጫማ ግን ርጥብ ነው።

«ጫማህን ምን ነካው?»

«ሻይ ፈሰሰብኝ።»

«ወተት የሌለው፣ ስኳር የሌለው፣ ቀለም የሌለው ሻይ። ድንቅ ነው!»

ሁሉንም ሰብስባ ወደ ቼሮቲች ዞረች። «ልጄ፣ ሟች ሰሞኑን ምን ይሠራ ነበር?»

«ፍጥነቱን ነዋ። አስተርጓሚው እንደ ክፉ ዘበኛ ነበር። ያንኑ ፋይል በመጣ ቁጥር ‹የማን ነህ? ከየት ነህ?› እያለ ያቆመዋል። ሙሪሚ አንዴ ጠይቆ መልሱን እንዲያስታውስ አደረገው። ዛሬ ጠዋት በሁላችንም ማሽን ላይ ጫነው። አሁን አራት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ‹መጫኑን ለኪሎንዞ እንዳትነግሪው፤ ራሱ አይቶ ይደነቅ› አለኝ።»

የኪሎንዞ ፊት አመድ ለበሰ።

«ኦጉቱ፣ የሱ ማሽን የመዘገበውን ሰዓት አንብብልኝ።»

«ጀመረ፣ ስድስት ከአምስት» አለ ኦጉቱ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ። «አለቀ፣ ስድስት ከዘጠኝ።»

«ሰማህ?» አለች ናፉላ። «እዚህ ተቀምጠህ ቢሆን፣ በአራት ደቂቃ ሲያልቅ ዓይንህ ይፈጥ ነበር። አላየኸውም። ሥራውን ለምስክርነት አስጀምረህ ወዲያኛው ክፍል ገባህ፤ ሰው ፈለጥህ፤ ከጫማህ ላይ ደሙን አጠብህ። ማለቂያውን ከልማድህ ቆጥረህ ነገርከኝ። ምን በደለህ?»

«‹ዘዴውን አገኘሁት፤ ከሰዓት በኋላ ለኦጉቱ አሳየዋለሁ› አለኝ! እኔ ሦስት ዓመት አይቻልም ያልኩትን! ልወስደው፣ የኔ ነው ልል ነበር...» ኪሎንዞ ወደ ማሽኑ አፈጠጠ። «እንደጫነው ግን አልነገረኝም!»

ፖሊሱ ካቴናውን ከቼሮቲች አውልቆ ኪሎንዞ እጅ ላይ ቆለፈው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት ናፉላ። «ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ!»

ቼሮቲች ተነሣች። በሟች በር ስታልፍ ለክብሩ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ ደፉ ላይ የደረሰውን ደም አልረገጠችም። ደረጃው ላይ ስትደርስ ሮጠች።